ጸጉር ያበቀለው ድንጋይ

ጸጉር አስተካካዩ የሱቁን የቆርቆሮ መዝጊያ ወደ ላይ ገፍቶ አንድ እግሩን እንዳስገባ በቁሙ ክው ብሎ ቀረ። ድንጋዩ ጸጉር አብቅሏል።

ሱቁ ለሁለት ቀን ተዘግቶ ነበር። ከመዘጋቱ በፊት በመስታወቱ ገንዳ ውስጥ ያሉት ድንጋዮች ላይ የነበረው አረንጓዴ ነገር ከጎረምሳ ጢም አይበልጥም ነበር፤ ልብ ካላሉት የሚታለፍ ነው። አሁን ግን ጣት ያህል ረዝሟል። ውሃው ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዘው ሰው ሰምጦ አናቱ ብቻ የቀረ ይመስላል። የገንዳው መብራት ቦግ እንዳለ ነው፤ ሲወጣ ማጥፋቱን ረስቶታል።

«ወይኔ! እትዬ ትገድለኛለች» አለ፣ ማንም ሳይሰማው።

ገንዳው የእሱ አይደለም፤ የታላቅ እህቱ ነው። እሷም ያገኘችው ከባሏ ነው። ባሏ የመርከብ መካኒክ ነበር። ዕድሜውን ባሕር ላይ ፈጅቶ ጡረታ ሲወጣ «ባሕሩን ትቼ አልገባም» ብሎ የጨው ውሃ በመስታወት ይዞ ቤቱ ገባ። ከአራት ዓመት በፊት እሱ ሲሞት ስድሳ ሊትር የጨው ውሃ፣ ሦስት ድንጋይ፣ መዳፍ የምታህል ኮራል የሚሏት ቅርንጫፋም የባሕር ፍጡርና አንዲት ዓሣ ቀሩ። ዓሣዋ መልኳ ብርቱካናማ ነው፤ ነጭ ቀበቶ ታጥቃለች፤ ስሟ እመቤት ነው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሟቹ ጠዋት ሲነሣ ከሚስቱ ቀጥሎ «ቁርስ በላሽ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው እሷን ነበር፤ እንደ ሚስቱ አባባል ግን ከሚስቱም ቀድሞ።

የእህቱ ዓይን ሁለት ዓመት ሙሉ በሞራ ተጋርዶ ቆይቷል። በመጨረሻ ልጇ ያለችበት ከተማ ሄዳ ሁለቱንም ዓይኗን ልትታከም ስትነሣ ገንዳውን በሰው አሸክማ ወንድሟ ሱቅ አስቀመጠችው። መስታወቱን እየዳበሰች፣

«ስማ ትንሹ» አለችው። የሱ ዕድሜ አርባ ስድስት ነው፤ ለእሷ ግን ትንሹ ነው። «ሞራው ሲገፈፍ መጀመሪያ ማየት የምፈልገው እሷን ነው። ሌላ ምንም አላስቸግርህም። ሞታ እንዳትጠብቀኝ።»

«እትዬ ሙች፣ እኔ በምላጭ የሰው ጉሮሮ ሃያ ዓመት ስጠብቅ የኖርኩ ሰው፣ አንዲት ዓሣ ታቅተኛለች?»

ይኸው አቃተችው። ገና አሥር ቀኗ ነው።

ከኋላው ሳቅ ሰማ። ታክሲ ነጂው ራዲዮ ነው። በየሁለት ቀኑ ጢሙን ሊላጭ ይመጣል፤ ቢላጭም ባይላጭም አፉ አይዘጋም፤ ስሙን ያገኘውም በዚያ ነው።

«ምነው ወዳጄ፣ ደንበኛ ጠፍቶ ድንጋይ ማስተካከል ጀመርክ እንዴ? ይኼኛው ጎኑን ገባ ገባ አርግለት፤ መሐሉ ይቁም።»

«አትቀልድ! ይህን ሳይ እኮ ልቤ ቆሟል።»

«ታዲያ ቶንዶሱን አምጣ እንጂ! ራሱ የጸጉር ቤት ሆኖ ጸጉር የሚያስፈራው ሱቅ ያየሁት ዛሬ ነው።»

ደውሎ የጠራው ዓሣ ሻጭ በምሳ ሰዓት መጣ። የባሕር ዓሣ ብቻ የሚሸጥ፣ ነገሩን የሚያውቅ ቀጭን ወጣት ነው። ጎንበስ ብሎ አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«አልጌ ነው ጋሼ። መብራቱ በቀን ስንት ሰዓት ይበራል?»

«ሱቁ ከተከፈተ እስኪዘጋ። እንዲያምር ብዬ።»

«መስኮቱስ? ፀሐይ ይገባል?»

«እንዴታ! ከሰዓት በኋላ ልክ እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው።»

«ውሃ ሲጎድል ከየት ነው የሚሞሉት?»

«ከቧንቧ ነዋ፤ ከሰማይ ልሙላ?»

«ምግብስ?»

ጸጉር አስተካካዩ ፈገግ አለ፤ በዚህ እንኳ የሚወቀስ አልመሰለውም። «በምግብ አልታማም! ወረፋ የሚጠብቅ ደንበኛ ሁሉ ቁንጥር ቁንጥር ያደርግላታል። ደስ ይላቸዋል።»

ዓሣ ሻጩ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ዓሣ አይደለም ያረቡት። ማሳ አርሰው፣ ማዳበሪያ በትነው፣ ሣር ነው የዘሩት! የተረፈው ምግብ ይበሰብሳል፤ ሣሩ እሱን ይበላል፤ በላዩ ፀሐይ፣ በላዩ የቧንቧ ውሃ። ምን ቀረው?»

ከዚያ መላውን ነገረው። መብራቱ በቀን ከስድስት ሰዓት በላይ አይብራ። መስኮቱ ይጋረድ። ምግብ በቀን አንዴ፣ ያውም ዓሣዋ በአንድ ደቂቃ የምትጨርሰውን ያህል። የሚጎድለውን የሚሞላው በተጣራ ውሃ ነው፤ ጨው አይጨመርበትም፤ ውሃው ተንኖ ሲሄድ ጨው የትም አይሄድምና። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ እየወጡ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ በጥርስ ብሩሽ ይፈተጉ፤ የቧንቧ ውሃ ግን አይንካቸው። ከዚህ ሌላ አምስት ቀንድ አውጣ ሰጠው፤ ሣሩን እየላሱ እንዲውሉ። ከሌላ ገንዳ የመጣ ጡጫ የሚያህል ድንጋይም ጨመረለት፤ ውሃ የሚያጠሩ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት አሉበት ብሎ።

«በዚህ ድንጋይ ውስጥ አንዳንዴ ሸርጣን ተደብቆ ይመጣል» አለ ሲወጣ። «ሣሩን የሚበላ ጥሩ አለ፤ ጥሩ ያልሆነም አለ። ካዩ ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ። እኔ ዕቃ ላመጣ ልሄድ ነው፤ ወር ልቆይ እችላለሁ።»

ጸጉር አስተካካዩ የተባለውን አንድም ሳያጓድል አደረገ። የደንበኛ ሽርጥ መስኮቱ ላይ ሰቀለ። የምግቡን ቆርቆሮ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈ፤ ራዲዮ «ለሰው እንኳ እንዲህ ያለ ጾም አልታዘዘም» ብሎ አጉረመረመ። በየጠዋቱ ደንበኛ ሳይመጣ እጅጌውን ሰብስቦ ድንጋይ ይፈትጋል። ሣሩ በሦስት ቀን ይመለሳል፤ እሱም ይመለስበታል።

በሰባተኛው ቀን ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። ከአዲሱ ድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ ሁለት ዓይኖች ያዩታል።

«ራዲዮ! ና! ና እይ!»

ሸርጣን ነው። እግሮቹ ጸጉራም ናቸው፤ እንደ ጉጠት ያለው የክንዱ ጫፍ ጥላሸት የነካው ይመስላል። ቀስ ብሎ ወጣና ከሣሩ ቆንጠር አድርጎ አፉ ውስጥ ከተተ። ደግሞ ቆንጠር አደረገ።

«በላ! እየበላ ነው! ይኼማ አጫጅ ነው!» አለ ራዲዮ።

ፎቶ አንሥተው ላኩ። መልሱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሁለት መስመር ብቻ ነበር፦

«አዳኝ ነው።
እስክመጣ ይያዝ።»

ጸጉር አስተካካዩ ጮክ ብሎ አነበበውና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ሃይማኖተኛ ሰው አይደለም፤ ግን አንድ ነገር ከላይ እንደተላከለት ተሰማው። አዳኝ! የእህቱን ዓሣ ሊያድን የመጣ!

«ተመስገን በል» አለው ራዲዮ። «እንግዲህ እንዳያመልጥህ። ደህና አርገህ ያዘው። በሣር ብቻ ደግሞ ጉልበት አይገኝም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸርጣኑ «አዳኙ» ተባለ። ሱቁ የገባ ሁሉ እመቤትን ትቶ እሱን ይጠይቃል። ጸጉር አስተካካዩ ለዓሣዋ ያጠበቀውን እጅ ለእሱ ፈታው፤ በየሁለት ቀኑ ሽሪምፕ ከሚሏት ትንሽ የባሕር እንስሳ ሥጋ ቁራጭ በወረንጦ አድርጎ ቀዳዳው አፍ ላይ ያቀርብለታል። ሣሩም እየሳሳ ሄደ። መብራቱ ስላጠረና ምግቡ ስለቀነሰ ይሆናል ብሎ ያሰበ የለም፤ ምስጋናው ሁሉ ለአዳኙ ሆነ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይህ እንኳ ሳይጠይቅ ነው የተነጠፈለት።

ቀንድ አውጣዎቹ አምስት ነበሩ። አንድ ቀን አራት ሆኑ። በሳምንቱ ሁለት። አንድ ጠዋት ባዶ ቀፎ አሸዋው ላይ አገኘ፤ ጠርዙ በመዶሻ የተመታ ይመስል ተሸራርፏል። ደነገጠ፤ ይዞት ብዙ ቆመ።

«ሣሩ አለቀባቸው፤ ጡረታ ወጡ» አለ ራዲዮ።

«ቀፎው ለምን ተሰበረ ታዲያ?»

«የሽማግሌ አጥንት ነዋ፣ ይሰበራል።»

ሳቁና አለፉት። እሱም ሳቀ።

እህቱ ደወለች። ሞራው ከሁለቱም ዓይኗ ተገፍፏል፤ እሑድ ትመጣለች። «ፋሻው ሲፈታ ያየሁት የሐኪሙን አፍንጫ ነው፤ አልቆጥረውም» ብላ ሳቀች። «እመቤቴ ደህና ናት?»

«እንደ ሙሽራ ናት እትዬ። ሣሩን ራሱ የምንይዝበት መላ አግኝተናል።»

ዓርብ ረፋዱ ላይ ራዲዮን እየላጨ ነበር። ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ግማሹ አረፋ ነው። ጸጉር አስተካካይ ከኋላው ያለውን ሁሉ የሚያየው በፊቱ መስታወት ነው፤ ገንዳውንም በዚያው ያየዋል። እመቤት እንደ ልማዷ ኮራሉ ሥር ተጠግታ ቆማለች። ከበታቿ፣ ከድንጋዩ ጥላ ውስጥ፣ ጫፉ የጠቆረ ክንድ ቀስ ብሎ ወጣ። አንድ ጊዜ ቆመ። ከዚያ ጭራዋን ነከሰ።

ምላጩ በራዲዮ ጉሮሮ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ምንድን ነው? ቆረጥከኝ?» አለ ራዲዮ፣ ትንፋሹን ውጦ።

ምላጩ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ተሰማ። ጸጉር አስተካካዩ ዞሮ እጁን እስከ ክንዱ፣ ከነእጅጌው፣ ውሃው ውስጥ ሰደደ። ዓሣዋ ተንፈራግጣ አመለጠች፤ ግን ሙሉ አላመለጠችም። የጭራዋ ግማሽ ሸርጣኑ ክንድ ላይ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቀርቷል። ሸርጣኑ እዚያው ዓይኑ እያየ ወደ አፉ ከተተው።

አዳኙ! በእጁ ያበላው አዳኝ!

ስልኩን በሚንጠባጠብ እጁ አንሥቶ ደወለ። ዓሣ ሻጩ መንገድ ላይ ነበር።

«በላት! ያ ያልከኝ ሸርጣን እመቤትን በላት!»

«እስካሁን አልተያዘም እንዴ?» አለ ዓሣ ሻጩ። «አዳኝ ነው ብዬ ጽፌልዎት የለም!»

ጸጉር አስተካካዩ አሁን ገና ሰማው። ልጁ «ዳ»ን ረግጦ፣ ጠበቅ አድርጎ ነው የተናገረው። እንደ ነብር፣ እንደ አንበሳ፣ አድብቶ የሚበላውን ማለቱ ነው። እሱ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያነበበው አላልቶ ነበር፤ ከሞት የሚያተርፍ፣ መድኃኒት፣ ባለውለታ ብሎ። ፊደሉ አንድ ነው። ነብሩም መድኃኒቱም በዚያው በሦስት ፊደል ይጻፋሉ፤ ልዩነቱ ያለው ምላስ ላይ ብቻ ነው፤ ምላስ ደግሞ በስልክ ጽሑፍ አይላክም።

«'ይያዝ' ያልከውስ?» አለ።

«በመረብ ተይዞ ይውጣ ነዋ!»

«እኔ ያዝኩት እኮ። ቀለብ እየሰፈርኩ፣ ሽሪምፕ እያጎረስኩ ነው የያዝኩት!»

ዓሣ ሻጩ፣ «ጋሼ፣ ድንጋዩን ከነሸርጣኑ አሁኑኑ ያውጡት። አያስቡ፣ ብቻ ያውጡት» አለ።

አወጣው። ሸርጣኑ ከቀዳዳው ዘሎ አውራ ጣቱን ያዘ፤ መቀስ የሚይዝበትን ጣት። ደም ፈሰሰ። ራዲዮ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ባልዲ ይዞ ሮጠ፤ ድንጋዩም ሸርጣኑም ደሙም ባልዲው ውስጥ ገቡ። ዕድሜውን ሙሉ ያላረፈ የራዲዮ አፍ ያን ቀን ዝም አለ፤ በዝምታው ጸጉር አስተካካዩ ከደሙ ይልቅ ደነገጠ።

እመቤት አሸዋው ላይ በጎኗ ተኝታለች። ጉንጯ ይንቀሳቀሳል። ዓሣ ሻጩ በነገረው መሠረት ውሃ የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ወንፊት ገንዳው ውስጥ አንሳፍፎ፣ የውሃው መናወጥ እንዳያንገላታት እዚያ አስቀመጣት። ዓርብ ምግብ ቀረበላት፤ አልነካችም። ቅዳሜም አልነካችም።

ቅዳሜ ዓሣ ሻጩ መጣ፤ ባልዲውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ወደ ወንፊቱ ጎንበስ አለ።

«ጭራ ያበቅላሉ» አለ ኋላ። «ከበላች ትተርፋለች። ካልበላች ግን እስከ ሰኞ አትቆይም።» ትንሽ አመነታና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ እኔ ጋ ቁርጥ እሷን የመሰለች አለች። ቀበቶዋ ሳይቀር። እህትዎ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ አላዩዋትም…»

ጸጉር አስተካካዩ ወዲያው እምቢ አላለም። ይህ ነው ራሱን ያስደነገጠው፤ ልቡ «ይሁን» ለማለት አንድ እርምጃ ነበር የቀረው። አዲሷን ዓሣ በዓይኑ አያት፤ እህቱ ስትስቅም አያት።

«እህቴ ሞራ የተገፈፈላት ውሸት እንድታይ ነው እንዴ?» አለ በመጨረሻ። «ተወው ወንድሜ። ተወው።»

እሑድ ጠዋት የሚናገረውን ሲያሰናዳ አረፈደ። «እትዬ፣ አንድ ነገር አለ» ብሎ ይጀምራል። አይሆንም። «እትዬ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ» ይሻላል። ይህን ሲል ታክሲ ሱቁ በር ላይ ቆመ። የነጂውን ፊት ሲያይ ያሰናዳው ሁሉ ከንቱ እንደሆነ ገባው። እህቱን ከአውቶቡስ መናኸሪያ ያመጣት ራዲዮ ነው።

እህቱ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ ወረደች። ራዲዮ ከኋላዋ ሻንጣ ይዞ ቆሟል፤ ዓይኑን ከመሬት አያነሣም።

«ሁሉን ነገረኝ» አለች። «ከመናኸሪያው እስከዚህ አፉ አንዴም አላረፈም። ላላም ጠበቅም አለ። ሸርጣኑን ከነጥፍሩ ሣለልኝ።»

«እትዬ…»

«ጣትህን አሳየኝ።»

አሳያት። መነጽሯን አወለቀችና በፋሻ የተጠቀለለውን አውራ ጣቱን አየች፤ ቀጥሎ ፊቱን አየች፤ አየችና ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ ገንዳው ሄደች።

ጸጉር አስተካካዩ ለቅሶ ጠበቀ፤ ስድብም ጠበቀ፤ ሁለቱም ይገባኛል ብሏል። እሷ ግን ፊቷን መስታወቱ ላይ አስጠግታ በመጀመሪያ ያየችው ዓሣዋን አልነበረም። የቀረውን ሣር ነው። በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ያለውን፣ ኮራሉ ግርጌ ያለውን፣ በጣቷ በመስታወቱ ላይ እየተከተለች አየችው።

«ከእኔ ቤት ሲወጣ ይህ ነበረበት?»

«ትንሽ… ጢም ያህል ነበር እትዬ። ያስረዘምኩት እኔ ነኝ።»

«ዝም በል። ዓሣ ሻጩ የተረፈ ምግብ ነው የሚያበቅለው አለ አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

እህቱ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። «በቀን ሦስቴ ነበር የማበላት» አለች፣ በጣቶቿ መሐል። «ስወረውርላት አላይም። ትብላ አትብላ አላውቅም። 'በልታ ይሆን?' እልና ደግሞ እጨምራለሁ። የእሱ አደራ በእጄ በረሃብ እንዳትሞት ብዬ። ለካ ዘሩን የዘራሁት እኔ ነኝ! ሁለት ዓመት ሙሉ ንጹሕ ነው ብዬ እኮ ነው የምወለውለው!»

ጸጉር አስተካካዩ ወር ሙሉ ጥፋቱን ብቻውን ተሸክሞ ነው የከረመው፤ ግማሹን ይውሰድልኝ ብሎ ለማንም አስቦ አያውቅም፤ ለእሷማ ጭራሽ።

እህቱ ፊቷን ጠራረገች። አሁን ወንፊቱን አየች። እመቤት እዚያ አለች፤ ጭራዋ ተጎርዶ፣ ብርቱካን መልኳ ወይቦ።

«አረጀሽ» አለቻት። «እኔን ነው የምትመስይው።»

ከዚያ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። «ምግቧን ስጠኝ።»

«ሁለት ቀን አልበላችም እትዬ። ሰውየው ካልበላች…»

«ስጠኝ አልኩህ።»

ከሽሪምፑ ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ ቁራጭ በወረንጦ ይዛ ውሃው ውስጥ አስገባች። እመቤት ቀረበች፤ አየችው፤ አፏን ከፈተችና ወሰደችው። ወዲያው ተፋችው። ቁራጩ ቀስ እያለ ሲወርድ ተከተለችው፤ ግማሽ ጭራዋን እያርገበገበች፣ ወደ ጎን እያጋደለች። ከወንፊቱ ወለል ላይ እንደገና ወሰደችው። ጉንጯ ሁለቴ ተንቀሳቀሰ። ዋጠችው።

«በላች!» አለች እህቱ። እንዲህ ያለ ድምፅ ሲወጣት ወንድሟ ሰምቶ አያውቅም። «ትንሹ፣ በላች! አየኋት፤ ስትውጥ አየኋት!»

ጸጉር አስተካካዩ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ የሚያደርገውን ሳያውቅ፣ ሁለተኛ ቁራጭ ከሽሪምፑ አነሣ። እህቱ የእጁን ጀርባ ጠፍ አደረገችው።

«በቃ!» አለች፣ ዓይኗን ከዓሣዋ ሳታነሣ። «በልታለች እኮ።»